አጥንት ነው ወይስ ድንጋይ? የጥንታዊ ባሕር ገበሎ አስተኔ ስባሪ አጥንትን ስለ መለየት

ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው የቦረናና የሳይንት ደጋ በድንገት ተቆርጦ ወደ ዐባይ በረሃ ሲሰጥም ያያል። ገብስና ስንዴ ከሚበቅልበት ብርዳማ አምባ ተነሥቶ ማሽላ ወደሚዘራበት ቆላ ለመድረስ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል መውረድ ይኖርበታል። መንገደኛው የሚያስበው ስለ ጉልበቱና ስለ ውሃ ጥሙ ይሆናል፤ የሚረግጠው ድንጋይ ግን በእያንዳንዱ እርምጃ በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታትን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልቱ፣ ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ የፈሰሰ ቅላጭ ነው። በዐባይ ተፋሰስ ከእርሱ በታች የአሸዋ ድንጋይና የጭቃ ድንጋይ፣ ቀጥሎም ወፍራም የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ በታች ደግሞ ጄሶና ሸክላማ ድንጋይ፣ በመጨረሻም ሌላ የአሸዋ ድንጋይ በተራ ተነባብረው ይገኛሉ።

በዚህ ጽሑፍ የምናተኩረው በኖራው ድንጋይ ላይ ነው። ጂኦሎጂስቶች ይህን ድንጋይ የአንታሎ ኖራ ድንጋይ ይሉታል። ስሙን ያወጣለት ዊልያም ብላንፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣ የሥነ ምድር ባለሙያ ነበር። ያየውንም እ.ኤ.አ. በ1870 በመጽሐፍ አሳትሟል። ጦሩ የመጣው አፄ ቴዎድሮስን ፍለጋ ነው፤ ብላንፎርድ ግን በመንገዱ ላይ በትግራይ እንደርታ አጠገብ የባሕር እንስሳት ቅሪት የሞላበትን ድንጋይ አይቶ በአካባቢው ስም ሰየመው። ይኸው ድንጋይ ዛሬ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ክፍል ወንዞች ተሸርሽረው በተቆረጡት ገደሎች ላይ ጭምር የሚጠናው የዚያ ዘመን ባሕር ደለል ነው። ዘመኑ ጁራሲክ ሲሆን፣ ከ165 እስከ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ያለውን ጊዜ ይሸፍናል። ባሕሩ ከደቡብ ምሥራቅ፣ ማለትም ከኦጋዴንና ከሶማሊያ አቅጣጫ ገብቶ እስከ ዐባይና እስከ ትግራይ ድረስ ተስፋፍቶ ነበር።

ባሕር በነበረበት ቦታ የባሕር እንስሳ ይኖራል፤ የእንስሳውም አጥንት አንዳንድ ጊዜ ይተርፋል። እኛ የፊዚክስ ሰዎች ነን፤ ስለዚህ ስለ አጥንት ለመጻፍ መነሣታችን አንዳንድ አንባብያንን ሊያስገርም ይችላል። ነገር ግን ስባሪ አጥንትን የመለየት ሥራ ግማሹ ሥነ ሕይወት ከሆነ ግማሹ ፊዚክስ ነው። ይህን ሁለተኛውን ግማሽ በትምህርት ቤት የሚሰጠው የእፍግታ፣ የጉልበትና የጨረር ትምህርት ይሸፍነዋል።

አንድ ምሳሌ እንያዝ። ውድ አንባቢ፣ ወደ ዐባይ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ከኖራ ድንጋይ ገደል ሥር አንድ ቡናማ፣ ጡጫ የሚያህል ስባሪ አገኘህ እንበል። አንደኛው ጎኑ ለስላሳ ነው፤ የተሰበረው ጎኑ ደግሞ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የበዙበት ይመስላል። ይህ ምንድን ነው? የባሕር ዘንዶ አጥንት ነው ብሎ ለመጮህ ከመቸኮል በፊት መመለስ ያለባቸው ጥያቄዎች አሉ፤ ቅደም ተከተላቸውም እንዲሁ የወጣ አይደለም።

ለመሆኑ አጥንት ነውን?

የመጀመሪያው ጥርጣሬ ወደ ዛሬው ዘመን ይመራናል። በገደል ሥር የላም፣ የበቅሎ፣ የዝንጀሮ አጥንት ሞልቷል። የቅርብ ጊዜ አጥንት ኮላጅን የተባለ የፕሮቲን ጭረት ስላለው የጋለ መርፌ ቢነካው የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ጁራሲክ አጥንት ይህን ሽታ አይሰጥም፤ ፕሮቲኑ ከረጅም ጊዜ በፊት ጠፍቶ ቀዳዳዎቹ በማዕድን ተሞልተዋልና።

ሁለተኛው ጥርጣሬ ወደ ድንጋይ ነው። ተፈጥሮ አጥንት የሚመስሉ ብዙ ድንጋዮችን ትሠራለች። በኖራ ድንጋይ ውስጥ በማዕድን ክምችት የተፈጠሩ ጉብታዎች የመገጣጠሚያ ራስ ይመስላሉ። ጋዝ የወጣበት ባዛልት ደግሞ ቀዳዳዎቹ ስፖንጃማውን አጥንት ይመስላሉ፤ ከላይ ከአምባው ተንከባልሎ ኖራው ላይ ሲያርፍ የማያሳስተው ሰው ጥቂት ነው። ልዩነቱን አጉሊ መነፅር ይናገራል። የባዛልት ቀዳዳ ክብ ወይም ሞላላ ሆኖ በየትም ተበታትኖ ይገኛል። የአጥንት ቀዳዳ ግን ሥርዓት አለው፤ ከውጭ ጥቅጥቅ ያለ ቅርፊት፣ ከውስጥ በቀጫጭን ምሰሶዎች የተሳሰረ መረብ ይታያል፤ ምሰሶዎቹም እንስሳው በሕይወት ሳለ ሸክም ይመጣበት ወደነበረው አቅጣጫ ተሰልፈው ይገኛሉ።

ከዓይን ቀጥሎ ሚዛን ይመጣል። የአርኪሜድስን ሕግ ሁሉም ተማሪ ያውቀዋል፤ ሲጠቀምበት ግን ብዙም አይታይም። ስባሪውን በቀጭን ክር አንጠልጥለን በአየር ውስጥ ስንመዝነው 542 ግራም፣ ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አጥልቀን ስንመዝነው 356 ግራም ሆነ እንበል። ልዩነቱ 186 ግራም ነው። ይህ የተገፋው ውሃ መጠነ ቁስ ሲሆን፣ የስባሪው ይዘት 186 ሳንቲ ሜትር ኩብ ነው ማለት ነው። 542ን ለ186 ብናካፍል እፍግታው 2.91 ግራም በሳንቲ ሜትር ኩብ ይሆናል።

ይህ ቁጥር ምን ይነግረናል? ኖራ ድንጋይ የተሠራበት ካልሳይት እፍግታው 2.71 ነው። የአጥንት ማዕድን፣ አፓታይት፣ 3.2 ገደማ ነው። ስባሪው የአጥንት ግድግዳና በካልሳይት የተሞሉ ቀዳዳዎች ድብልቅ ነው ብንል፣ የአፓታይቱ ድርሻ (2.91 ሲቀነስ 2.71) ለ(3.2 ሲቀነስ 2.71) ተካፍሎ 0.41 ይሆናል። ከመቶ አርባ አንድ እጅ ግድግዳ፣ ቀሪው ሙሌት፤ ለስፖንጃማ አጥንት የማይነቀፍ ቁጥር ነው።

እዚህ ላይ ግን መቆም ያስፈልጋል። የባዛልት እፍግታ ስንት ነው? እርሱም 2.9 አካባቢ ነው! ስለዚህ በወሎ ደጋ ሥር በተገኘ ስባሪ ላይ እፍግታ ብቻውን ምስክር ሊሆን አይችልም። ኖራ ድንጋይ አለመሆኑን ሊነግረን ይችላል፤ ባዛልት አለመሆኑን ግን አይነግረንም። የሚዛኑ ጥራትም ሊታሰብ ይገባል። እያንዳንዱ ምዘና በአምስት ግራም ቢሳሳት የልዩነቱ ስሕተት ሰባት ግራም ያህል ይሆናል፤ ያን ጊዜ እፍግታው ከ2.81 እስከ 3.03 ባለው መካከል የትም ሊሆን ይችላል። አንድ ግራም የሚለይ ሚዛን ግን ይህን ወደ 2.89 እና 2.93 ያጠብበዋል።

ሌላም ወጥመድ አለ። ውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን ቀዳዳማ ናሙና መዝነን እፍግታው ከሚጠበቀው እጅግ አንሶ ስላገኘነው አዲስ ነገር ያገኘን መስሎን ሁለት ቀን ስንደሰት ቆየን። በሦስተኛው ቀን ናሙናውን ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ አሳድረን ስንመዝነው ደስታው ከአየር አረፋዎቹ ጋር ተነነ። በቀዳዳ ውስጥ የተያዘ አየር ውሃን ይገፋል፤ ይዘቱን ያበዛል፤ እፍግታውን ያሳንሳል።

ኮምጣጤ ወይም የሎሚ ጭማቂ ጠብ ማድረግም የታወቀ ዘዴ ነው፤ ካልሳይት አረፋ ይደፍቃል። ነገር ግን ይህን በአጥንቱ ላይ ማድረግ ነውር ነው። አፓታይትም በአሲድ ይሟሟልና፣ አረፋ ባያሳይም ጉዳቱ ይቀራል። የሚሞከረው ከጎኑ በወደቀ ፍርፋሪ ድንጋይ ላይ ብቻ ነው።

ራጅ ለምን ይቸገራል?

ብዙ ተማሪዎች «ታዲያ በሆስፒታል ራጅ ቢነሣ አይበቃምን?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም አስተማሪ ነው። በሰው አካል ውስጥ አጥንት ከሥጋ ጎልቶ የሚታየው ካልሲየም ስላለው ነው። የካልሲየም አቶማዊ ቁጥር 20 ሲሆን ሥጋ በአብዛኛው የተሠራባቸው ካርቦን፣ ናይትሮጅንና ኦክስጅን 6፣ 7 እና 8 ናቸው። ራጅ በአቶም የመዋጥ ዕድሉ ከአቶማዊ ቁጥሩ ጋር በሦስት እስከ አራት ኃይል ስለሚጨምር ካልሲየም ያለበት ቦታ ጥላው ይጠቁራል።

አጥንቱ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሲቀበር ግን ይህ ጥቅም ይጠፋል። ካልሳይት ከክብደቱ 40 በመቶው ካልሲየም ነው። የአጥንት ማዕድንስ? ሒሳቡን ብንሠራው 39.9 በመቶ ይሆናል። ሁለቱ ማለት ይቻላል አንድ ናቸው! በአጥንቱ ውስጥ ፎስፈረስ 18.5 በመቶ ያህል መኖሩና እፍግታው መብለጡ ጥቂት ልዩነት ይሰጣል እንጂ፣ በጥቁር ሰማይ ላይ እንዳለ ጨረቃ የጎላ ሥዕል አይጠበቅም። ለዚህ ነው በኖራ ድንጋይ የተያዘ አጥንትን በራጅ ማየት በሸክላ ወይም በአሸዋ ከተያዘው ይልቅ የሚያስቸግረው።

ይልቅስ ርግጠኛውን መልስ የሚሰጠው የድሮው ዘዴ ነው። ከስባሪው ጠርዝ 0.03 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት ቅጠል ተቆርጣ በዋልታዊ ብርሃን ማይክሮስኮፕ ትታያለች። የአጥንት ክሪስታሎች እንስሳው በሕይወት ሳለ በኮላጅኑ ጭረቶች ላይ ተሰልፈው ያደጉ ስለሆኑ፣ ኮላጅኑ ከጠፋ በኋላም አሰላለፉ ይቀራል። ቅጠሏ ስትሽከረከር ብርሃንና ጨለማ በየተራ ይፈራረቁባታል። የደም ሥር ያለፈባቸው ክብ ቦዮች፣ አንዳንዴም እንደ ዛፍ ቀለበት የዕድገት መስመሮች ይታያሉ። ባዛልት ይህን ሊያስመስል አይችልም።

ከውሃ ነው ወይስ ከየብስ?

አጥንት መሆኑ ከታወቀ ቀጥሎ የሚጠየቀው የባለቤቱ አኗኗር ነው። ለዚህ የአጥንቱን ወርድ ቆራጭ ገጽ እንመለከታለን።

በየብስ የሚኖር ትልቅ እንስሳ የእግር አጥንቱ ብዙውን ጊዜ ቱቦ ነው፤ መካከሉ መቅኒ የሚይዝ ባዶ ነው። ምክንያቱ የመሐንዲስ ነው። ግማሽ ስፋቱ 1 ሳንቲ ሜትር የሆነ ድፍን ዘንግና፣ የውጭ ግማሽ ስፋቱ 1.25፣ የውስጡ ደግሞ 0.75 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቱቦ እናወዳድር። የሁለቱ ቆራጭ ስፋት እኩል ነው፤ 1.25 በራሱ ሲባዛ 1.5625፣ 0.75 በራሱ ሲባዛ 0.5625፣ ልዩነታቸው አንድ ነውና። ስለዚህ ሁለቱም በእኩል ርዝመት እኩል አጥንት ይጨርሳሉ። መጉበጥን መቋቋም ግን በግማሽ ስፋቱ አራተኛ ኃይል ይለካል፤ ለድፍኑ 1 ከሆነ ለቱቦው 2.44 ሲቀነስ 0.32፣ ማለትም 2.12 ይሆናል። በዚያው አጥንት ከሁለት እጥፍ በላይ ግትርነት ተገኘ። ክብደቱን በእግሩ ተሸክሞ ለሚሮጥ እንስሳ ይህ ትልቅ ትርፍ ነው።

ውሃ ውስጥ ለሚኖር እንስሳ ግን ክብደቱን ውሃው ይሸከምለታል። የሚያሳስበው መጉበጥ ሳይሆን መንሳፈፍ ነው፤ በሳንባ የሚተነፍስ ገበሎ አስተኔ አየር በሳበ ቁጥር ወደ ላይ ይገፋልና። ጥልቀት በሌለው ውሃ በዝግታ የሚዋኙት አጥንታቸውን በማክበድ እንደ መርከብ ማመጣጠኛ ጭነት ይጠቀሙበታል። በጥልቅ ውሃ በፍጥነት የሚዋኙት ደግሞ በተቃራኒው አጥንታቸው ስፖንጃማና ቀላል ይሆናል። በሁለቱም ወገን የመቅኒው ባዶ ቦታ ይጠፋል ወይም ይጠባል።

ይህ ማስረጃ መልካም ነው፤ ፍጹም ግን አይደለም። የጣናና የዐባይ ጉማሬ በውሃ ግርጌ ላይ የሚራመድ የየብስ አጥቢ ነው፤ የእግሩም አጥንት ጥቅጥቅ ያለ ነው። የተሰበረ የጉማሬ አጥንት ቁራጭ በቅርጹ ብቻ ቢታይ ወደ ባሕር ሊወስደን ይችላል። ስለዚህ ስባሪው ከየትኛው ንብርብር እንደ ወጣ ማወቅ ከስባሪው ባልተናነሰ ይፈለጋል። ከኖራው ድንጋይ ውስጥ ግማሹ ተቀብሮ የተገኘ ከሆነ ነገሩ አለቀ። ተንከባልሎ የተገኘ ከሆነ ግን ቢያንስ በላዩ ተጣብቆ የቀረ የድንጋይ ቅንጣት መኖር አለበት፤ ለዚህም ነው «ይጥራ» ብለው በሽቦ ብሩሽ የሚፈትጉትን ሰዎች አጥብቀን የምንቃወመው።

የማን?

በጁራሲክ ባሕር ውስጥ ሦስት ትልልቅ የገበሎ አስተኔ ወገኖች በዋናነት ይታወሱናል። ዓሣ መሰሎቹ ኢክቲዮሳውሮች፣ አራት መቅዘፊያ ያላቸው ፕሌሲዮሳውሮችና ከእነርሱ መካከል አንገታቸው አጭር ራሳቸው ግዙፍ የሆነው ፕሊዮሳውሮች፣ እንዲሁም የባሕር አዞዎች ናቸው። የባሕር ኤሊዎችም አሉ፤ የእነርሱ የቅርፊት ሰሌዳ ግን በቀላሉ ይለያል።

አከርካሪ አጥንት ከተገኘ ዕድለኞች ነን። የኢክቲዮሳውር አከርካሪ አጭርና ሰፊ፣ በሁለቱም ፊት እንደ ጎድጓዳ ሳሕን የገባ ነው። የፕሌሲዮሳውር ፊቶቹ ጠፍጣፋ ወይም ጥቂት ብቻ የጎደጎዱ ሲሆኑ፣ ከግርጌው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ትንንሽ የደም ሥር ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ይታያሉ። የጁራሲክ ባሕር አዞ አከርካሪ ረዘም ያለ፣ ወገቡ የቀጠነ የክር ማጠንጠኛ ይመስላል። መንጋጋ ከተገኘ ግን፣ ብዙ መረጃ ያለው ቢመስልም፣ ነገሩ ይወሳሰባል። ይህን የምንለው በግምት ሳይሆን ከአገራችን በተገኘ አንድ እውነተኛ አጥንት ታሪክ ነው።

የሐረሩ መንጋጋ

እ.ኤ.አ. በ1938 በጀርመን የቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ፍሪድሪሽ ፎን ሁነ ስለ ኢትዮጵያ አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተሙ። ርእሱ ከአቢሲኒያ ስለ ተገኘ ፕሊዮሳውር የሚናገር ነበር። አጥንቱ ከሐረር አካባቢ የላይኛው ጁራሲክ ድንጋይ የተገኘ የታችኛው መንጋጋ የፊት ክፍል ስባሪ ነው። ሁነ አጥንቱን ሲሞሌስቴስ ከተባለው የፕሊዮሳውር ወገን መደቡትና፣ በኦስትሪያዊው ጂኦሎጂስት በኤርንስት ኖቫክ ስም «ሲሞሌስቴስ ኖቫኪያኑስ» ብለው ሰየሙት። ጊዜው አገሪቱ በጣሊያን ወረራ ሥር የነበረችበት ነው፤ በስያሜው ላይ የኢትዮጵያውያን ድምፅ አለመኖሩ አያስገርምም።

ሲሞሌስቴስ የሚለው ስም ቀድሞ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1909 ቻርልስ አንድሩስ በእንግሊዝ አገር ፒተርቦሮ ከተገኘ አጥንት በመነሣት ባወጣው ስም ነው። የዚህ እንስሳ መንጋጋ ጫፉ አጭርና ሰፋ ያለ፣ እንደ ማንኪያ የተዘረጋ፣ ትልልቅ ጥርሶች ዙሪያውን የተደረደሩበት ነው። ችግሩ ሌሎች እንስሳትም የመንጋጋቸው ጫፍ ሰፋ ማለቱ ነው። ቴሌዮሳውሪድ የተባሉት የባሕር አዞዎችም እንዲሁ ናቸው።

ሁነ በዘመናቸው ከታወቁት የገበሎ አስተኔ ቅሪት ተመራማሪዎች አንዱ ነበሩ፤ ስሕተቱ የአላዋቂ ስሕተት አልነበረም። ሆኖም ስሙ ለ58 ዓመታት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1996 ናታሊ ባርዴ እና ስቴፋን ሁዋ የተባሉ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች ጉዳዩን እንደገና መርምረው፣ የኢትዮጵያው ሲሞሌስቴስ ፕሊዮሳውር ሳይሆን ቴሌዮሳውሪድ አዞ መሆኑን የጽሑፋቸው ርእስ ራሱ እስኪናገር ድረስ በግልጽ አስታወቁ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ማርክ ያንግና ባልደረቦቹ የማኪሞሳውሩስን ወገን በሙሉ ሲከልሱ የሐረሩን አጥንት «ማኪሞሳውሩስ ኖቫኪያኑስ» በሚል ስም መደቡት። የኖቫክ ስም ቀረ፤ እንስሳው ግን ተለወጠ።

የስም ለውጥ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው። ፕሊዮሳውር በአራት መቅዘፊያ የሚዋኝ፣ ከባሕር የማይወጣ አዳኝ ነው። ማኪሞሳውሩስ ግን ጥልቀት በሌለው ባሕርና ጨዋማነቱ በቀነሰ ውሃ የሚኖር አዞ ነበር። አጥንቱ ሲሞሌስቴስ ሆኖ በቆየባቸው ዓመታት የፕሊዮሳውሮችን ስርጭት በካርታ ላይ የሚያሰፍር ሰው በኢትዮጵያ ላይ አንድ ነጥብ የማድረግ መብት ነበረው፤ ነጥቡ ግን ሐሰት ነበር። ከሐረር የኖራ ድንጋይ ጋር ይበልጥ የሚስማማውም አዞው ነው፤ ይህ ዓይነት ድንጋይ በአብዛኛው የሚከማቸው ፀሐይ በሚደርስበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ነውና።

የአዞው ጥርስም ራሱን የቻለ የፊዚክስ ትምህርት ነው። የማኪሞሳውሩስ ጥርስ ደንዳና ጫፉም ዱልዱም ነው፤ ከላይ እስከ ታች የሚወርዱ ጥቃቅን ሸንተረሮች አሉት፤ እነርሱም ወደ ጫፉ ሲደርሱ እርስ በርስ ይተሳሰራሉ። ወገኑ በመጀመሪያ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1837 ከስዊዘርላንዷ ዞሎቱርን በተገኘ ቅሪት ሲሆን፣ በዚያው አካባቢ በተገኙ የኤሊ ቅርፊቶች ላይ የዚህ ወገን ንክሻ ምልክቶች ታይተዋል። ኤሊን ለመስበር ስለታም ጥርስ ለምን አልተመረጠም? ጥርስን ከሥሩ የተተከለ ምሰሶ አድርገን ብናስብ፣ በጎን ሲገፋ ሥሩ ላይ የሚደርሰው ጫና ከርዝመቱ ጋር በቀጥታ ይጨምራል፤ ከግማሽ ስፋቱ ሦስተኛ ኃይል ጋር ደግሞ ይቀንሳል። ጥርሱ በግማሽ ቢያጥርና አንድ ተኩል ጊዜ ቢወፍር፣ በእኩል ጉልበት የሚደርስበት ጫና 0.5 ለ3.375 ተካፍሎ 0.15 ገደማ፣ ማለትም ወደ አንድ ሰባተኛ ይወርዳል። ስለታም ጥርስ ሥጋ ይቆርጣል፤ በቅርፊት ላይ ግን ይሰበራል። ስለዚህ በሐረርም ሆነ በዐባይ ገደል በአንድ ስባሪ አጠገብ ዱልዱም ጥርስ የሚያገኝ ተማሪ ከመንጋጋው ይልቅ ጥርሱን አክብሮ ይያዝ።

ስለ መጠኑ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ከቱኒዚያ የተገኘ «ማኪሞሳውሩስ ሬክስ» የተባለ ዘመድ በመጀመሪያ 9.6 ሜትር ያህል ይረዝማል ተብሎ ዜናው ዓለምን አዳረሰ። በዚያው ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች የዛሬ አዞን ራስና አካል ንጽጽር ለጠፋ ዘመድ መጠቀም እንደሚያሳስት አስረድተው ርዝመቱን ወደ 7 ሜትር ገደማ ዝቅ አደረጉት። ልዩነቱ ሁለት ሜትር ተኩል ብቻ ይመስላል። ነገር ግን መጠነ ቁስ ከርዝመት ሦስተኛ ኃይል ጋር ይሄዳል፤ 9.6ን ለ7.2 ብናካፍል 1.33፣ እርሱም በሦስተኛ ኃይል 2.37 ይሆናል። በርዝመት ላይ የተደረገች ሦስተኛ እጅ ማጋነን እንስሳውን ከሁለት እጥፍ በላይ አከበደችው።

እንግዲህ ስባሪው ምን ይባል?

ወደ ጡጫ አከሉ ስባሪያችን እንመለስ። በሸለቆው የመንገድ ሥራም የድንጋይ ካባም ይካሄዳል፤ ዶዘር በአንድ ጠዋት የሚያልፍበትን ገደል ወንዝ በብዙ ሺህ ዓመት አይሸረሽረውም። ይህ ለአጥንቶቹ አደጋም ዕድልም ነው፤ ይገልጣቸዋል፣ ወዲያውም ይፈጫቸዋል። ስለዚህ በመንገድ ዳር መጀመሪያ የሚደርሰው ሰው፣ እረኛም ይሁን ተማሪ ወይም የመንገድ ሠራተኛ፣ የሚያደርገው ነገር ቤተ ሙከራው ኋላ ሊያስተካክለው የማይችለው ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ሳያበላሽ ጠብቆ እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ጉዳዩን ዛሬ የሚከታተለው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው። ተማሪ መቆፈር የለበትም። ከጎኑ ማስመሪያ ወይም ብዕር አስቀምጦ ከሦስት አቅጣጫ ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ቦታውን በስልኩ አቅጣጫ ጠቋሚ ይመዝግብ፤ ከላይና ከታች ያለውን የድንጋይ ዓይነት ይጻፍ፤ ከዚያም ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም በአቅራቢያው ለሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ያሳውቅ። ሚዛኑና ማይክሮስኮፑ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ስባሪው በአግባቡ ቤተ ሙከራ ደርሶ፣ እፍግታው 2.91 ሆኖ፣ ቀጭኗ ቅጠል የአጥንት አሰላለፍ አሳይታ፣ ቆራጭ ገጹ መቅኒ የሌለው ስፖንጃማ ሆኖ፣ የተጣበቀበት ቅንጣትም ኖራ ድንጋይ ሆኖ ቢገኝ ምን እንለዋለን? የመገጣጠሚያ ፊት የለውም፤ ጥርስ የለውም፤ የጥርስ ጉድጓድም የለውም። ፕሊዮሳውር ልንለው አንችልም፤ ማኪሞሳውሩስም ልንለው አንችልም። ሳጥኑ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «የውሃ ገበሎ አስተኔ፣ ወገኑ ያልተለየ። ስባሪ። የላይኛው ጁራሲክ፣ አንታሎ ኖራ ድንጋይ።» ከሥሩም የተገኘበት ቦታ፣ ቀኑና ያገኘው ሰው ስም ይጻፋል፤ ለቀጣዩ መርማሪ የሚሆን ባዶ መስመርም ይተዋል።